መስታወት የማያሳየው ሥፍራ፦ በፍጥነት መንገድ ከከባድ መኪና ጎን ለሚጓዙ



ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ወደ ዝቋላ አቦ ለመሳለም ከአዲስ አበባ የሚነሡ ብዙ ምእመናን ከቱሉ ዲምቱ የሚጀምረውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይይዛሉ። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መንገድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር ያለው ሲሆን፣ ሄያጁና መጪው ተለያይተው ይጓዙበታል። በዚህም ምክንያት መንገደኛው ከሌላው መንገድ ይልቅ ልቡ ያርፍበታል። ነገር ግን ይኸው መንገድ የወደብም መንገድ ነው። በጅቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ጭነት የሚያመላልሱ ባለ ተሳቢ መኪኖች ከምእመናኑ ትንንሽ መኪኖች ጋር ጎን ለጎን ይሄዱበታል።

ይህን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከመስክ ሥራ ስንመለስ አራት ሰዎች በአንዲት ትንሽ መኪና ነበርን። በመካከለኛው መስመር የሚሄድ ባለ ተሳቢ መኪና አገኘንና ግራው ስለተያዘብን በቀኙ በኩል ልናልፈው ሞከርን። ከጋቢናው በር ትይዩ ስንደርስ ከባዱ መኪና ወደ እኛ ማዘንበል ጀመረ። ሾፌራችን ወደ መንገዱ ትከሻ ወጥቶ ለጥቂት አተረፈን። ከክፍያ ጣቢያው ወዲያ ሁለቱም መኪኖች በቆሙ ጊዜ ሾፌራችን ተቆጥቶ ወረደ። በዕድሜ የገፉት የከባዱ መኪና ሾፌር ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ውጣና ከእኔ ወንበር ሆነህ እይ» አሉት። ወጥቶ ተቀመጠ። መኪናችን በቀኙ በር ሥር ቆማ ሳለ ከወንበሩ ሆኖ ፈጽሞ አላያትም። ሲወርድ ይቅርታ የጠየቀው እርሱ ነበር።

፩. የማይታዩት ሥፍራዎች

በአሽከርካሪዎች ዘንድ «ብላይንድ ስፖት» የሚባለው ሾፌሩ በመስኮትም ሆነ በስፖኪዮ ሊያየው የማይችለው ሥፍራ ነው። በከባድ መኪና ዙሪያ አራት ናቸው።

ከፊት፦ ሾፌሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ወደ መኪናው አፍንጫ ተጠግታ የገባች ትንሽ መኪና ከዓይኑ በታች ትውላለች።

ከኋላ፦ ጭነቱ ወይም ኮንቴይነሩ የኋላውን እይታ ሁሉ ይጋርዳል። በውስጥ መስታወትም ሊረዳ አይችልም።

ከግራ፦ ከሾፌሩ በር ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ከቀኙ የሚጠብ ሥፍራ ነው።

ከቀኝ፦ ሾፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ ከሁሉ የሚሰፋው ይህ ነው። እኛም የተያዝነው በዚሁ ነበር።

በአሜሪካ ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ትምህርት የፊተኛው 6 ሜትር፣ የኋለኛው 9 ሜትር ያህል፣ የቀኙ ደግሞ የሁለት መስመር ስፋት እንዳለው ይነገራል። ልኩ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም አራቱ ሥፍራዎች ከየትኛውም ከባድ መኪና ዙሪያ አይጠፉም።

፪. አደጋው የሚረዝመው ለምንድን ነው?

የማይታየው ሥፍራ 20 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። ከባዱ መኪና በሰዓት 80፣ ትንሿ መኪና 90 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ ትንሿ ያንን ሥፍራ ለማለፍ 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በእኩል ፍጥነት ቢሄዱ ግን ከቶ አትወጣም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚህ ይመጣል። በመኪናው ውስጥ ጨዋታው ወይም መዝሙሩ ደምቆ ሳለ ሾፌሩ ሳያስተውል ከከባዱ ጎን ተለጥፎ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል።

የፊተኛውም እንዲሁ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አልፎ ወዲያው ፊቱ የሚገባና ፍሬን የሚይዝ ሰው፣ የከባዱ ሾፌር እግር ፍሬን ከመንካቱ በፊት ያንን ርቀት ጨርሶበታል።

፫. ለሾፌሮች የሚነገር

የከባዱን ሾፌር ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እርሱም አያያችሁም። ብታዩትም እንኳ አይቶናል ብላችሁ አትደምድሙ።

በቀኝ አትለፉ። በግራ ስታልፉም ከፊት ያለው መስመር ነጻ እስኪሆን ከኋላ ርቃችሁ ጠብቁ። ከዚያም ፍሬቻ አሳይታችሁ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳትወጡ፣ መካከል ላይ ሳትዘገዩ እለፉ።

ወደ መስመራችሁ የምትመለሱት የከባዱ መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶች በውስጥ መስታወታችሁ ሲታዩ ነው።

በክፍያ ጣቢያ ሰልፍ ከቆመ ከባድ መኪና አፍንጫ ሥር አትግቡ። ሲነሣ አያያችሁምና።

፬. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ጉዞ የምናዘጋጅ ሁሉ ስለ ምግቡ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ክፍያው እንመክራለን። ሾፌሮቹን ግን የምናገኛቸው በመነሻው ሌሊት ነው። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሰብስበን ይህን ትምህርት ብናሳያቸው የሚጠይቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየአጥቢያው ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ምእመን አይጠፋም። መኪናውን ሰፊና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ጎማው በድንጋይ ይታገድ። የትንንሽ መኪኖች ሾፌሮች ተራ በተራ በወንበሩ ይቀመጡ። አንዲት ትንሽ መኪና በአራቱም ወገን ትቁም፣ ከእይታ የምትሰወርበትም ሥፍራ በኖራ ይሰመር። ያን ምልክት ያየ ሾፌር በሌላ ቀን ከተሳቢ ጎን ሲደርስ ያስታውሰዋል። ባለ ከባዱ ምእመንም እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ መምህር ይቆማል።

በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ሰው ወድቆ ደም እንዳይሆንበት መከታ እንዲያበጅ ታዟል። መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። መንገደኛን የሚሰበስብ ጉባኤም እንዲሁ አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ለሚቀጥለው ጉዞ ሾፌሮችን የሚሰበስብና የሚያስተምር ማን ይሁን?

2. ተሳፋሪዎች ሾፌራቸው ከከባድ መኪና ጎን ሲዘገይ በአክብሮት እንዲያሳስቡት እንዴት እናስተምር?

3. ለንግሥ በሰዓቱ ለመድረስ የምንቸኩለው ችኮላ በመነሻ ሰዓታችን ሊስተካከል አይችልምን?