ዓለት፣ ቅርጽና ባህል፦ የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ንጽጽር

መግቢያ

በኪነ ሕንፃ ታሪክ ጥናት ውስጥ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንደ ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። የሕንፃው ዘመን፣ ያሠራው ንጉሥና የጌጡ ትርጉም በዝርዝር ሲመረመሩ የዓለቱ ዓይነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የሥነ ምድር ጥናትም በበኩሉ ዓለቱን በማዕድናቱና በዕድሜው ሲገልጽ፣ በላዩ ላይ ያረፈውን የሰው እጅ ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን በማቀራረብ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ዓለት የባህልን ቅርጽ ይወስናልን? አክሱምና ላሊበላ ለጥያቄው ተስማሚ ማነጻጸሪያ ናቸው፤ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት የሕንፃ ቅርጽ በእጅጉ በሚለያዩ ዓለቶች ላይ ተጠርቦ ይገኛልና።

የአክሱም ጠንካራ ዓለት

ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡት ኔፌሊን ሳየናይት ከተባለ ዓለት ነው። ዓለቱ ከማግማ መቀዝቀዝ የተገኘ ሲሆን፣ ማዕድናቱ እርስ በርስ ተቆላልፈው ያደጉ በመሆናቸው ጠንካራና ውኃ በቀላሉ የማይሰርገው ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የጎበድራ ኮረብታ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ማውጫ የሥራውን ስልት ያሳያል። ጠራቢዎቹ በሚፈልጉት መስመር ላይ የሽብልቅ ጉድጓዶችን በተርታ ይፈለፍሉ፣ ከዚያም ዓለቱን በመስመሩ ይሰነጥቁት ነበር። ሳይላቀቁ የቀሩ ድንጋዮች የጉድጓዶቹን ተርታ እንደያዙ ዛሬም ይታያሉ።

በሐውልቶቹ ላይ የተቀረጸው ግን የድንጋይ ሥራ ምስል አይደለም። ሐሰተኛ በሮች፣ መስኮቶችና ከግድግዳ ወጣ ያሉ ክብ የእንጨት ጫፎች ይታያሉ፤ እነዚህ ጫፎች በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ይህም እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የሚገነቡበት የአሠራር ስልት ሲሆን፣ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ሕያው ምሳሌው ነው። በሐውልቱ ላይ ጭነት የሚሸከም እንጨት የለም፤ እንጨቱ በምስል ብቻ ቀርቷል።

የላሊበላ ለስላሳ ዓለት

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰሜናዊውን የኢትዮጵያ ደጋ የሸፈነው ታላቅ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ አካል ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዓለት በአብዛኛው የባዛልት ስኮሪያ ሲሆን፣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ሲወጣ የተዋቸው ቀዳዳዎች የሞሉበትና በመሮ የሚታዘዝ ነው። በመሆኑም ድንጋይ ቆርጦ ማጓጓዝና መካብ አላስፈለገም። ዙሪያው በቦይ ተቆፍሮ መካከሉ ተለይቶ ከቀረ በኋላ ሥራው ከላይ ወደ ታች ወርዷል። እንዲህ ባለው ሥራ የተቆረጠ ተመልሶ አይቀጠልምና ንድፉ ከመጀመሪያው መሮ በፊት የተሟላ መሆን ነበረበት።

ይሁን እንጂ በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ የሚታየው ያው የአክሱም ቅርጽ ነው። ገባ ወጣ የሚሉት ተርታዎች እንጨትና ድንጋይ የተፈራረቁበትን ግንብ ይመስላሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ወጥ ዓለት ነው። የዓለቱ ለስላሳነት ሌላ ቅርጽ ለመምረጥ ሰፊ ዕድል ሰጥቶ ሳለ፣ አናጺዎቹ የወረሱትን ቅርጽ ጠብቀዋል።

ዓለቱ ያስከፈለው ዋጋ

ዓለት ቅርጹን ካልወሰነ ምን ወሰነ? በአክሱም ዋናው ፈተና ክብደት ነበር። 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ትልቁ ሐውልት ተሰባብሮ ወድቋል፤ መሠረቱም ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ጥልቀት የጎደለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደውና እ.ኤ.አ. በ2008 በስፍራው ዳግም የተተከለው ሐውልት ግን ከዘመናት በኋላም ቅርጹን በግልጽ ያሳያል።

በላሊበላ ፈተናው ውኃ ነው። ለመፈልፈል ያመቸው ቀዳዳማነት ርጥበትን ያስገባል። በዓለቱ ውስጥ ያሉ የሸክላ ማዕድናት በክረምት ሲያብጡ በበጋ ሲኮማተሩ ስንጥቆች ይሰፋሉ፤ ጠርዞችም ይረግፋሉ። ሥራውን ያመቸው ባሕርይ ሥራውን የሚያፈርሰውም ነው። የጥንቶቹ አናጺዎች ይህን ሳይረዱት እንዳልቀሩ የተዉአቸው የውኃ መውረጃ ቦዮች ይመሰክራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ለጊዜው እንዲያገለግሉ የታሰቡ ነበሩ። የቀጥታ ዝናብን ያስቀራሉ፤ ሆኖም ከመሬትና ከዙሪያው ዓለት የሚመጣውን ርጥበት አያግዱም። የመጠለያዎቹ ክብደትም ለአካባቢው ካህናትና ነዋሪዎች የስጋት ምንጭ ሆኗል። ስለዚህ የጥበቃው ጥያቄ ከላይ በሚደረግ ክዳን ብቻ አይፈታም፤ ጥንታዊ ቦዮችን ማጽዳትና የእያንዳንዱን ሕንፃ ስንጥቆች በክረምትና በበጋ እየለዩ መመዝገብን ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ንጽጽሩ እንደሚያሳየው ቅርጹ የመጣው ከባህል ነው፤ የአሠራሩን ስልትና የሥራውን ዕድሜ የወሰነው ግን ዓለቱ ነው። አንዱ ቅርጽ በእንጨትና በድንጋይ፣ በሳየናይትና በስኮሪያ ላይ አልፏል፤ የሚያሰጋው አደጋ ግን በየዓለቱ ይለያያል። የሐውልት መቆም የመሠረት ጥያቄ ሲሆን፣ የውቅር ቤተ ክርስቲያን መቆየት የውኃ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ቅርስን የሚያጠና ተመራማሪ ጌጡን ከማንበቡ ጎን ለጎን ጌጡን የተሸከመውን ዓለት ማንበብ ይጠበቅበታል። ዓለቱ ከረገፈ የሚነበብ ጌጥ አይኖርምና።