የከርከዴው ቅላት ሳይጠፋ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል አጠገብ ለዓሣ ተመጋቢዎች ከርከዴ አፍልቼ እሸጣለሁ። አንቲኦክሲዳንቱ ሳይበላሽ እንዴት ላውጣው? ቀለሙስ ሲያድር ለምን ይደበዝዛል?

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ በአንድ መልስ ይፈታሉ። ከርከዴን የሚያቀላው አንቶሳያኒን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ አንቲኦክሲዳንት ነው። ቅላቱ ከደበዘዘ እሱም እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ጠላቶቹ ረጅም ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ናቸው።

ስለዚህ አያንተክትኩት። 20 ግራም ያህል ደረቅ ከርከዴ አድቅቀው፣ 1 ሊትር ውሃ አፍልተው ካወረዱ በኋላ ይጨምሩበት፤ ከድነው 10 ደቂቃ ያቆዩትና ያጥልሉት። ቶሎ አቀዝቅዘው በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ያስገቡት።

ድስቱ ወሳኝ ነው። ከርከዴ በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ አሉሚኒየምና ብረት ይበላል፤ የማይዝግ ብረት ወይም ብርጭቆ ይጠቀሙ። አንቶሳያኒን ኮምጣጣ ይወዳል፤ ጥቂት ሎሚ ቅላቱን ያደምቀዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ በአንድ ብርጭቆ ላይ ቁንጣሪ ሶዳ ጣል ያድርጉ፤ ቀዩ ዓይንዎ እያየ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃም ሶዳማ ባሕርይ ስላለው፣ ከንጽሕናው ሌላ በዚህም ምክንያት ለከርከዴ አይሆንም።

የቀረውን አተላ አይጣሉት፤ በስኳር ቢያበስሉት ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል። ለመዓዛ ጽጌረዳ ልጨምር ካሉ ግን ከአበባ መሸጫ አይግዙ፤ ለዕቅፍ የሚመረት አበባ ብዙውን ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨ ነው።

ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡር ደንበኞችዎ አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ ይንገሯቸው።