ስለ ደለል ድንጋይ አሠራርና በዓባይ ገደል ስለሚገኘው የባሕር ድንጋይ

ወንዝ በክረምት ከደጋ ያወረደውን ሁሉ ኀይሉ በደከመበት ስፍራ ይጥለዋል። አስቀድሞ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ በመጨረሻም ጭቃው ይሰፍራል። አዲሱ ደለል በፊተኛው ላይ እየተደረበ ሲከብድ የታችኛው ይጠቀጠቃል፤ በውሃ የሟሟውም ማዕድን ፍሬዎቹን ያጣብቃቸዋል፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ደለል ድንጋይ የተሠራበትን ስፍራ ጠባይ ይዞ ይኖራል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ተገልጦ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ከጐሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው መንገድ ያለው የዓባይ ገደል ነው። በግርጌው ያለውን ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ወንዞች አንጥፈውታል። ከርሱ በላይ ጄሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ይገኛል፤ ይኸውም ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲደርቅ የተወው ነው። ከዚያም በላይ የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ቆሟል፤ በውስጡ የሚታየው የባሕር እንስሳት ዛጎል ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ባሕር በዚያ እንደ ነበረ ያስረዳል። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ዳግመኛ አሸዋ ተነጠፈ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማም ከምድር ውስጥ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ሁሉን በጥቁር ድንጋይ ከደነው።

የደጋው እርሻ በአብዛኛው የተዘረጋው በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነውና፣ ጉዳዩ ገበሬውን የሚነካው ከዚህ ላይ ነው። ዝናም በሚበዛባቸው በጐጃምና በወለጋ ደጋዎች ውሃው ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው ብዙው አፈር ኮምጣጣ ሆኗል። በእንዲህ ያለ መሬት አሉሚኒየም የገብሱንና የስንዴውን ሥር ይጐዳል፤ ማዳበሪያም ቢጨመር አፈሩ ፎስፎረሱን አስሮ ይይዘዋል፤ የገበሬው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። መድኀኒቱ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች፣ ሥር በማይደርስበት ተቀብሮ የኖረው የባሕር ድንጋይ ነው፤ ገደሉ ግን ከፍቶ አሳይቶታል።

ሹም ድንጋይ ከማስፈለጡ በፊት የኖራውን ድንጋይ ከጂፕሰም ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ ሁለቱም ነጣ ያሉ ናቸውና ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጂፕሰም በጥፍር ይፋቃል። የኖራ ድንጋይ በጥፍር አይፋቅም፤ ተፈጭቶ የሎሚ ውሃ ሲጠብበት ግን አረፋ ያወጣል። ጂፕሰም የአፈርን ኮምጣጣነት አያስወግድምና በስሕተት በአህያ ተጭኖ ቢበተን ድካም ብቻ ነው። የኖራውም ድንጋይ ቢሆን እንደ ዱቄት ካልደቀቀ ቶሎ አይሠራም። ልኩ እንደ አፈሩ ምርመራ ሆኖ ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ በቶን የሚቈጠር ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚከብደው ማጓጓዙ ነው፤ መንገዱ በበጋ ሳለ፣ ከመዝራት አስቀድሞ ሊታሰብበት ያስፈልጋል።