ወደ ፎገራ የሚመጡ እንግዶች

ባለፈው ታኅሣሥ ከመምህራችን ጋር ከወረታ ተነሥተን ወደ ሸሸር ረግረግ ሄድን። ፀሐይ ስትጠልቅ ክሬን የሚባሉት እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች እየጮኹ መጡ። እነዚህ ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በየዓመቱ ወደ ጣና ዙሪያ ይመጣሉ፤ ቀን ከአጨዳ የቀረውን እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሌሊት አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ።

ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ረግረጉ ተጠንፍፎ ሩዝ ሲዘራበት የወፎቹ ማደሪያ፣ የፎገራ ከብትም የበጋ ግጦሽ ይጠባል።

እኔ ራሴ ወፎቹን በወንጭፍ ሳባርር ኖሬአለሁ፤ አባቴም ማሳችንን ወደ ረግረጉ ሊያሰፋ አስቦ ነበር። ማታ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የትምህርት ቤት ወጪህን የሚሸፍነው ሩዙ ነው፤ ላሞቹም ያለዚያ ሣር በጋውን አይዘልቁም» አለኝ። ገና አልወሰነም፤ እኔ ግን ወንጭፌን ሰቅያለሁ።