እሳቱ የጭልጋን እንስሳት ፈጅቷቸዋልን?

ከገለጉ ተነስቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ አይከል ሲደርስ ቆላው ያበቃለታል። ጭልጋ ገባ ማለት ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የምናስታውሰው ብርዱን ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ለትልቅ ጥያቄ መልስ ከሚፈልጉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ለመሆኑ ጥያቄው ምንድን ነው? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአሁኑ የሰሜን ኢትዮጵያ መሬት ተሰነጣጥቆ ቅልጥ አለት ፈሰሰ። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ ተነባብሮ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። በስሜን ተራሮች ገደል ላይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ የምናየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት በድንጋዩ ውስጥ የታመቀውን የአርጎን ጋዝ ለክቶ፣ አብዛኛው የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን አሳየ። ለምድር ይህ የአፍታ ያህል ነው።

እንዲህ ያለ እሳት ሌላ ቦታ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሳይቤሪያ ላይ ቅልጡ አለት ሲወጣ የድንጋይ ከሰልና የጨው ንብርብር አቃጥሎ ነው ያለፈ። ከዚያ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን አሞቀ፣ ባሕሩን አሲዳማ አደረገ፣ ኦክስጅኑንም ቀነሰው። ከባሕር እንስሳት ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፉ። የሰልፈር ጋዝ ደግሞ በተቃራኒው ፀሐይን ጋርዶ ያቀዘቅዛል፤ ግን ቶሎ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1815 የኢንዶኔዥያው ታምቦራ ፈንድቶ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋውን እንዳጣ ይታወቃል።

የእኛስ? የ1997ቱ ጥናት ባለቤቶች ጊዜው ዓለም ከቀዘቀዘበትና የአንታርክቲካ በረዶ ከሰፋበት ጋር መገጣጠሙን ጠቁመዋል። ልብ በሉ፣ መገጣጠም ምክንያት መሆን አይደለም። አንታርክቲካ በበረዶ መሸፈን የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህን ሳናጣራ «የኢትዮጵያ እሳተ ገሞራ ዓለምን አጠፋ» ብለን ርዕስ ብንሰጥ ያምርብናል እንጂ እውነት አይሆንም።

ጭልጋ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በባዛልቱ ላይ በተኛው ደለል ውስጥ ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለነሱ ተጽፏል። የጥንት የዝሆን ዘመዶች አሉበት፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ጎን ለጎን የተተከለለት አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳም አለበት። በጓንግ ወንዝ ዳር ከተገኙት የቅጠል አሻራዎች ደግሞ አካባቢው እርጥብ ደን እንደነበር ታውቋል። ጓንግ ያው የእኛው ነው፤ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል።

ስለዚህ ደኑ በቀዘቀዘው አለት ላይ፣ ከእሳቱ 3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በቅሎ ነበር። ያ ማለት ፍሳሹ ሲወርድ በሥሩ የነበረው ሁሉ አልሞተም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ ተቀብሯል። በጭልጋ ደለል ውስጥ ያሉት እንስሳት የሚነግሩን አርሲኖይቴሪየምን የመሰሉ ጥንታዊ ዝርያዎች እሳቱን ማለፋቸውን ነው። አፍሪካ ከእስያ ጋር በመሬት ስትገናኝና ከዚያ አዳዲስ እንስሳት ሲመጡ ግን አርሲኖይቴሪየም የለም።