የባሕር ዛፍ ዘይት፦ ሲታጠኑት የሚያቀል፣ ሲጠጡት የሚመርዝ



ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስንወጣ ብርዱ ይበረታል፤ ጉንፋኑም እንዲሁ። በደጋው ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ይታጠናል። ዶርም ውስጥ ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት የምንጠቀም አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ ራስንም ሌላውንም መጉዳት ከልክለዋል። ሁለቱንም ለመጠበቅ የምንጠቀመውን ነገር ማወቅ ይኖርብናል።

1. በውስጡ ምን አለ?

የደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ መገኛው አውስትራሊያ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቅጠሉን ስናሸው የሚሸተን በጥቃቅን ከረጢቶች የተቀመጠው ዘይት ነው። ዋናው ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል፤ ለመድኃኒትነት የሚውል ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል ሊኖረው ይገባል። ከቀሪዎቹ መካከል አልፋ ፓይኒንና ሊሞኒን ይገኛሉ። በቆላ የሚበቅለው ቀይ ባሕር ዛፍ ግን የሲኒዮል መጠኑ ከዛፍ ዛፍ በጣም ይለያያል።

2. እንዴት ይወጣል?

ሲኒዮል ብቻውን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በቅጠሉ ውስጥ የውኃ እንፋሎት ሲያልፍ ግን የውኃውና የዘይቱ የእንፋሎት ግፊት ስለሚደመር፣ ሁለቱ አብረው ውኃ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይተናሉ። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የብዙ ቅጠል ኃይል ነው።

3. ምን ይጠቅማል?

ሲኒዮል ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ የታፈነ አፍንጫ የቀለለ ያህል ይሰማናል። መጠኑ ተለክቶ በእንክብል ሲሰጥም የሳይነስና የብሮንካይተስ ምልክቶችን እንደሚያቀል በሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በቤተ ሙከራ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ይህ ማለት ግን የሳንባ ምች ያድናል ማለት አይደለም።

4. ምን እንጠንቀቅ?

• የጠርሙሱን ዘይት በሻይም ሆነ በማር አንጠጣ። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ ሕፃንን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል።
• የዋጠ ሰው ካለ ለማስታወክ ሳንሞክር ቶሎ ሐኪም ቤት እናድርስ።
• በሕፃናት ፊትና አፍንጫ ላይ አንቀባ። አስም ያለበትም ሽታው ሊያስነሣበት ይችላል።
• ስንታጠን ድስቱን ከእሳት አውርደን፣ ልጆችን አርቀን ይሁን፤ የፈላ ውኃ ያቃጥላል።
• አርባ ምንጭ የወባ አገር ነው። ትኩሳት ካለ ከመታጠን በፊት የደም ምርመራ ይቅደም።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ለእናቶቻችንና ለታናናሾቻችን እንንገራቸው። አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። ወላሁ አዕለም።