ከመሬት የሚወጣ ርጥበትና የጭቃ ቤት

የቤታችሁ ግድግዳ ከግርጌው ጠቁሮ ምርጊቱ የሚረግፍ ከሆነ፣ ጣራውን ብቻ አትጠርጥሩ። ጋዝ በኩራዝ ክር ሽቅብ እንደሚሳብ፣ የመሬት ውሃም በጭቃው ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። እንጨቱ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው የዘር እህልም ይሻግታል።

ብዙ ሰው ግርጌውን በሲሚንቶ ይለስነዋል። ይህ መልኩን ያሳምራል እንጂ ርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ለልስኑ የሚወጣው ገንዘብ ለድንጋይ ቢውል ይሻላል። ከክረምት በፊት ግድግዳውን የተጠጋውን አፈርና ፍግ ዛቁ፤ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁም ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ የሚወስድ ቦይ ቅደዱ። የልማት ሠራተኛው ተዳፋቱን አብሯችሁ ይቀይስ። በጭቃ ጡብ አዲስ ቤት የምትሠሩ ደግሞ የድንጋዩን መሠረት ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ጡቡ ከማረፉ በፊት በድንጋዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ።

ዘሩ ግን ግድግዳው እስኪደርቅ አይጠብቅም። ጆንያውን ዛሬውኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡ።